ነጥቡ ምስክር አለውን?



ካርታ ድሮ በጋዜጣ ገጽ ጥግ ላይ የሚቀመጥ የዜና አጃቢ ነበር። ዛሬ ግን ራሱ ዜና ሆኗል። አንባቢው በስልኩ መስታወት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አገሩ ይሰፋለታል፤ አንዱን ነጥብ ሲነካ ቀኑ፣ የሟቾቹ ቁጥር፣ ፎቶግራፉ ይወጣለታል፤ ቀኑን ወደ ኋላ ሲመልሰው ካርታውም አብሮት ይመለሳል። የሙያው ሰዎች ለዚህ ብዙ ስም አላቸው፤ እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ተናጋሪ ካርታ» ብለን እንጥራው። ለመሆኑ ይህ ተናጋሪ ካርታ የዜናን ሥራ አሻሻለው ወይስ አበላሸው? ጥያቄው ለመቐለ ቤተሰብ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት ዓለም ስለ እኛ ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ካርታ ነበርና።

የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተናጋሪ ካርታ ጋዜጠኛውን «እመኑኝ» ከማለት አውጥቶ «ኑና ራሳችሁ እዩ» ወደ ማለት አሸጋግሮታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነጥቡ ከምስክሩ ጋር ካልመጣ በቀለም ያጌጠ አሉባልታ ከመሆን አያልፍም። እንዲያውም ከአሉባልታ ይብሳል፤ ሰው ጆሮውን ይጠራጠራል እንጂ ዓይኑን አይጠራጠርምና።

ከወረቀት ወደ ጣት

ነገሩ የጀመረው በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢራቅ ጦርነት ጊዜ ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኪሆል ከሚባል አነስተኛ ኩባንያ ባገኘው ፕሮግራም ተመልካቹን በባግዳድ ሰማይ ላይ እያበረረ ያሳይ ነበር። በዓመቱ ጉግል ኩባንያውን ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ጉግል ካርታና ጉግል ኧርዝ ለሕዝብ ተለቀቁ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 ማንም በነፃ የሚያየውና ማንም የሚያርመው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለ ካርታ በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኮሮናን ሥርጭት የሚያሳይ ካርታ ሲያወጣ፣ ቀያዮቹ ክቦች በየአገሩ መገናኛ ብዙኃን ገጽ ላይ ታዩ። ካርታ ሠሪ ያልነበረው ትንሽ ዝግጅት ክፍልም የዓለምን ካርታ ያለ ብዙ ድካም በገጹ ላይ ለማኖር ቻለ።

ይሁንና የተውሶ ካርታ የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ኪራይ ይጨምራል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 የዋጋ ደንቡን ሲለውጥ በቀን 25,000 ጊዜ በነፃ ይከፈት የነበረው ካርታ በወር ወደ 28,000 ገደማ ወረደ። በዚህ የተነሳ ብዙ አሳታሚዎች ፊታቸውን ወደ ነፃው ካርታ አዞሩ። እንግዲህ ካርታውን የሚያሳትመው አንዱ፣ የካርታው ጌታ ሌላው መሆኑን አንባቢ ከመጀመሪያው ልብ ሊለው ይገባል።

የባድመ ትምህርት

ካርታ ያልተናገረበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተነሳው ባድመ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የድንበር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ውሳኔውንም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. አሳወቀ። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሥዩም መስፍን ባድመ የኢትዮጵያ መሆኗ እንደተረጋገጠ ገለጹ። ኤርትራም በበኩሏ ድሉ የእኔ ነው አለች። አንድ ውሳኔ እንዴት ለሁለቱም ድል ሆነ?

ምክንያቱ ከውሳኔው ጋር በወጡት ካርታዎች ላይ ባድመ የት እንዳለች አለመመልከቱ ነው። ድንበሩ የተነገረው በመስመርና በኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥሮች ነበር። ብዙ ሺህ ሰው የሞተባት ከተማ በራሷ ፍርድ ካርታ ላይ አልነበረችም። ተራ አንባቢ ደግሞ ቁጥሮቹን በሳተላይት ፎቶ ላይ አኑሮ ሊያይ አይችልም፤ የሰማውን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበረውም። ኮሚሽኑ ባድመ በኤርትራ በኩል እንደምትውል በግልጽ ያስታወቀው በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 11 ወራት አልፈዋል።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቁጥሮቹን በስልኩ ላይ ጽፎ በዚያው ምሽት እውነቱን ለአባቱ ባሳየው ነበር። ይህ የተናጋሪ ካርታ እውነተኛ ስጦታ ነው። ሚኒስትር ይናገር፣ ጋዜጠኛ ይጻፍ፣ አንባቢው የሚያመሳክርበት ነገር በእጁ አለ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ምሰሶ መትከል ስላልተቻለ ኮሚሽኑ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ድንበሩ በካርታ ላይ ባሉት ቁጥሮች እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ሥራውን ዘጋ። በመሬት ላይ ያልተተከለ ድንበር በወረቀት ላይ ተተከለ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን በማን እርሻና በማን መቃብር መካከል እንደሚያልፍ አይናገርም። ካርታ ብዙ ቢናገርም የማይናገረው ነገር እንዳለ ባድመ ታስተምረናለች።

ስም ያለው ነጥብ

በጦርነቱ ጊዜ ከወጡት ካርታዎች ሁሉ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የትግራይ የሰብአዊ ሁኔታ አትላስ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ያን ኒሰን ናቸው። እኚህ ሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በሀገረ ሰላምና በደጉዓ ተምቤን ተራሮች የአፈርና የውኃ ጥናት ሲያካሂዱ የኖሩ የጂኦግራፊ ሊቅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ደጉዓ ተምቤን በእግር ለሚጓዙ ጎብኚዎች የሚሆን መጽሐፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳትመው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ዕውቀት ለጎብኚ መንገድ ማሳያ መሆኑ ቀርቶ የሙታንን ቦታ መመዝገቢያ ሆነ።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጋርዲያን ጋዜጣ ይህን ሥራ ጠቅሶ ሲጽፍ፣ ከ150 በሚበልጡ ጭፍጨፋዎች የተገደሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በስም መታወቃቸውን ገለጸ። ከሟቾቹ መካከል ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ አረጋውያን፣ ጡት ያልጣሉ ሕፃናትም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከመረጃ ሰጪዎቻቸው ያገኙትን ከሟች ቤተሰብና ወዳጅ፣ ከመገናኛ ብዙኃንና ከሌሎች ምንጮች ጋር እያመሳከሩ ሠሩ። ሙሉ ማስረጃ የተገኘለትን ሟች ገና በወሬ ደረጃ ካለው ለይተው መዘገቡ።

በመድረሳ የተማረ ሰው ይህን አሠራር ሲያይ አዲስ አይሆንበትም። ሐዲስ መትን ብቻውን አይበቃውም፤ ኢስናድ ያስፈልገዋል። ማን ከማን ሰማ? ሰሚው የታመነ ነውን? ሁለቱ በሕይወት ተገናኝተዋልን? ይህ ካልተመለሰ ቃሉ ቢያምርም ደረጃው ዝቅ ይላል። ዶዒፍ የተባለውም ዶዒፍ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ከሶሒሑ ጋር አይደባለቅም። የጌንት አትላስ ከሌሎች የሚበልጠው በቀለሙ ወይም በፕሮግራሙ ሳይሆን በዚህ ነው። ነጥቡን ሲነኩት ቦታና ቀን ይወጣል፤ ከበስተጀርባው ስም አለ፤ ከስሙ ጀርባ የመሰከረ ዘመድ አለ።

ይህ ማለት ግን ሥራው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ስልክ በሌለበት፣ ውጭ አገር ዘመድ በሌለበት፣ ከመንገድ በራቀ ቀበሌ የሞተ ሰው ወደ ካርታው የሚደርስበት መንገድ የጠበበ ነበር። ስለዚህ በካርታው ላይ ባዶ የሚታየው ቦታ ሰላም የነበረበት ሳይሆን ወሬ ነጋሪ ያጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። አትላሱ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። የልጇ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ያለ የሐውዜን እናት ልታነበው አትችልም። ስለ እሷ የተጻፈው ለእሷ አልተጻፈም።

ተራራ ሲመሰክር

በዚያው መጋቢት 2013 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ሥራ ታየ። ያልታጠቁ ወንዶች በገደል አፋፍ ላይ ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በሰው እጅ ይዘዋወር ነበር። የት እንደተቀረጸ አይታወቅም፤ የተቀነባበረ ነው የሚሉም ነበሩ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ፣ ሲኤንኤንና ቤሊንግካት የተባለው የምርመራ ቡድን በቪዲዮው ውስጥ የሚታየውን የተራራ ጫፍና የገደሉን ቅርጽ በሳተላይት ከተነሳው የመሬት ገጽታ ጋር አስተያዩ። ቦታው በማዕከላዊ ትግራይ ማኅበረ ዴጎ አጠገብ ሆኖ ተገኘ። ቢቢሲ ማስረጃው ገዳዮቹ የኢትዮጵያ ሠራዊት አባላት መሆናቸውን ያመለክታል ሲል፣ መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣ ነገር ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል መልስ ሰጠ።

እዚህ ላይ የዲጂታል ካርታ ጥቅም ከማስጌጥ አልፎ ወደ ዳኝነት ደጃፍ መድረሱን እናያለን። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ተራራ ግን ቦታውን አይቀይርም። ሆኖም ተራራው የሚመሰክረው ስለ ቦታ ብቻ ነው። ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንደተደረገ ተራራ አይናገርም። ይህን የሚሞላው ያው የሰው ምስክርነት ነው። ዘገባዎቹ የተሳካላቸውም ሁለቱን፣ ድንጋይንና ሰውን፣ አንድ ላይ ስላስመሰከሩ ነው።

ቦታ ያጣ ወሬ

አሁን ደግሞ የተበላሸውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በሰሜን ናይጄሪያ በቺቦክ 276 ልጃገረዶች ከትምህርት ቤታቸው ተጠለፉ። በሚቀጥለው ወር ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለ የአሜሪካ የዜና ተቋም በናይጄሪያ የተፈጸሙ ጠለፋዎችን ያሳያል ያለውን ካርታ አወጣ። መረጃውን ያገኘው ጂዴልት ከሚባል፣ በመሣሪያ ዜናዎችን እያነበበ ከሚመዘግብ ስብስብ ነበር። ባለሙያዎች ወዲያው ስሕተቱን አሳዩ። ተቆጥሮ የቀረበው ጠለፋው ሳይሆን ስለ ጠለፋ የተጻፈው ዜና ነበር። አንድ ጠለፋ መቶ ጊዜ ቢጻፍ መቶ ሊመስል ነው። ከዚህም በላይ የቦታው ስም ያልታወቀውን ዜና መሣሪያው በአገሪቱ መካከል ላይ ያኖረው ነበር፤ ምንም ያልተፈጸመበት ቦታ የጠለፋ መናኸሪያ መስሎ ታየ። ተቋሙ በጽሑፉ ላይ ማረሚያ ለመጨመር ተገደደ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰለን። በግጭቶች ላይ መረጃ የሚሰበስበው አክሌድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሚከታተል ክፍል ከነካርታው ከፍቷል። አክሌድ ለእያንዳንዱ ድርጊት ቦታው ምን ያህል በትክክል እንደሚታወቅ ከ1 እስከ 3 ቁጥር ይሰጣል። 1 ከሆነ ከተማው ወይም መንደሩ ይታወቃል፤ 3 ከሆነ የሚታወቀው ሰፊው ክልል ብቻ ነውና ሌላ ፍንጭ ከሌለ ነጥቡ በዋና ከተማው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ደንብ መሠረት «በትግራይ» ተብሎ ብቻ የተነገረ ውጊያ መቐለ ላይ ሊነጠብ ይችላል ማለት ነው።

ድርጅቱ ቁጥሩን ሳይደብቅ ማውጣቱ ያስመሰግነዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ሌላው አሳታሚ መረጃውን ወስዶ ካርታ ሲሥል ነው። ነጥቡን ይወስዳል፤ ቁጥሯን ይጥላል። ዶዒፍ የሚለው ምልክት ተፍቆ ሁሉም ሶሒሕ ይመስላል። ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ካርታውን ከፍቶ በእናቱ ሰፈር ላይ ቀይ ነጥብ ያያል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው ያነጋል። ነጥቡ ግን ሌላ ቦታ የተፈጸመ ነገር ሊሆን ይችላል።

ቀለምም እንደዚሁ ያታልላል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. «ይህ በእገሌ እጅ ነው» እያሉ ወረዳውን በሙሉ አንድ ቀለም የሚቀቡ ካርታዎች በየቀኑ ይወጡ ነበር። የትግራይን አምባና ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ግን አስፋልቱን የያዘ ተራራውን ያዘ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። ቀለሙ ግን መንገድና ተራራ አይለይም።

የራሱን ካርታ ያላየ ሕዝብ

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች ስልኩ ለጊዜው ተመልሶ በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንደገና ጠፋ፤ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። በነዚያ ጊዜያት ለንደንና ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው መቐለን በጣቱ ይነካ ነበር። መቐለ ውስጥ ያለው ግን ዓድዋ ያለች እህቱ በሕይወት መኖሯን አያውቅም። ካርታው ስለ እርሱ ይናገራል፤ እርሱ ግን አይሰማውም፤ ሲሳሳትም «አይደለም» ሊለው አይችልም።

የነጃሺን መስጊድ እናስብ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱበት ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሳው፣ ከውቅሮ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ መስጊድ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ተዘረፈም። መልእክት የሚያደርስ ስልክ ስላልነበረ የጉዳቱ ወሬ በስፋት ለመሰማት ሳምንታት ፈጀ። ሰዎች በነፃ የሚያዩት የሳተላይት ፎቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያለፉት ነው። በካርታ ላይ ያማረ ሕንፃ ማየት ዛሬም እንደዚያው ቆሟል ማለት አይደለም። ካርታ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜውን ያልጻፈ ካርታ ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን ነገር ዛሬ ነው ብሎ ይሸጣል።

ከሰማይ የማየትን ሥልጣን ታሪካችንም ያውቀዋል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት አገራችንን ከአውሮፕላን ፎቶ ያነሱት ለጦርነትና ለአገዛዝ ነበር። ከ8,000 በላይ የሆኑት የፎቶ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ የኢትዮጵያና የቤልጂየም ተመራማሪዎች መሬቱና ደኑ እንዴት እንደተለወጠ ለማጥናት ተጠቀሙባቸው። ያው ፎቶ ትናንት ለቦምብ፣ ዛሬ ለዛፍ ሆነ። መሣሪያው የያዘውን ሰው ይከተላል።

ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ1154 አል-ኢድሪሲ ለሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር ትልቁን የዓለም ካርታ ሲያዘጋጅ ሳተላይት አልነበረውም። የነበረው ተጓዥና ነጋዴ ነው። የተጓዦቹ ቃል አንዱ ከሌላው ጋር ይመሳከር ነበር፤ የተስማሙበት ይጸድቃል፣ የተለያዩበት ይቀራል። ካርታው ሲሠራ 15 ዓመት ገደማ መፍጀቱም ለዚህ ነው። ዛሬ ካርታ በ15 ደቂቃ ይወጣል። የተረፈው ጊዜ ግን ለማጣራት ካልዋለ ምን ጠቀመን? ዜና ሲደርስ ማጣራት ግዴታ መሆኑን ከሱረቱል ሑጁራት የተማረ ሰው ይህ ትእዛዝ ለጆሮ ብቻ ሳይሆን ለዓይንም መሆኑን አይስተውም።

ስለዚህ በቤታችን ልጆቻችን ካርታ ሲያሳዩን አራት ነገር እንጠይቃቸው። ነጥቡን ያኖረው ማን ነው? ከማን ሰማ? መቼ? ቦታውንስ ምን ያህል በእርግጥ ያውቀዋል? አራቱን የማይመልስ ካርታ ለሌላ ሰው አይላክ። አሳታሚዎችም በካርታው ግርጌ የፎቶውን ቀንና የምንጩን ደረጃ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። ደግሞም እውነት ሁሉ በነጥብ አይገለጽም፤ የመሰከረችን ሴት ቤት ወይም የተፈናቃዮችን መጠለያ በትክክል ማመልከት ለክፉ ሰው መንገድ ማሳየት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም የእኛ ድርሻ አለ። የመቐለ ስም በላቲን ፊደል እንኳ በአራት በአምስት ዓይነት ይጻፋል። በ«ዓዲ» እና በ«ማይ» የሚጀምሩ መንደሮቻችን ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም እርስ በርስ ይመሳሰላል። ባዕድ ካርታ ሠሪ ቢያደባልቃቸው አይፈረድበትም። ነፃው ካርታ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የሠፈራቸውን፣ የምንጩን፣ የመስጊዱንና የትምህርት ቤቱን ስም ከሽማግሌ ጠይቀው በትክክል የሚጽፉ ወጣቶች ከሓውልቲ፣ ከዓዲ ሓቂና ከኲሓ ቢነሱ ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ውለታ ይውላሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ የት እንደነበርን ሌላ ሰው በግምት እንዳይነጥብልን ቦታችንን በደህናው ቀን ራሳችን እንመስክር።

ወላሁ አዕለም።